የፈተና ሳቅ፤ «ዘ ሌዲ ኢቭ» ስለ ተባለው ፊልም

ሰው በፍቅር ወጥመድ ሲያዝ ማየት ያስቃል፤ መውጫ ሲያጣ ማየት ግን አያስቅም። ፕሬስተን ስተርጅስ በአሜሪካ አዘጋጅቶ በ1933 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው «ዘ ሌዲ ኢቭ» (ትርጓሜው «ወይዘሮ ሔዋን» ማለት ነው) በዚህ ወሰን ላይ የቆመ ኮሜዲ ነው።

ፊልሙ ምሳሌውን የወሰደው ከኦሪት ዘፍጥረት ነው። በሄንሪ ፎንዳ የሚወከለው ቻርልስ የቢራ ጠማቂ ባለጸጋ ልጅ ሲሆን፥ በአማዞን እባብ ሲያጠና ቆይቶ በመርከብ ወደ አገሩ ይመለሳል። ባርባራ ስታንዊክ የምትጫወታት ቁማርተኛዪቱ ጂን ከመርከቡ ላይ ሆና ፖም በራሱ ላይ ትጥልበታለች፤ ኋላም እግርዋን ዘርግታ ታደናቅፈዋለች። ነገር ግን አጥማጂቱ ራስዋ በፍቅር ትያዛለች። ማንነትዋን ደርሶበት በተዋት ጊዜ፥ የእንግሊዝ እመቤት ነኝ ብላ ተመልሳ ታገባዋለች፤ በሠርጋቸውም ሌሊት በባቡር ውስጥ የቀድሞ ወዳጆቼ የምትላቸውን እየቆጠረች ትበቀለዋለች። ቻርልስም ከባቡሩ ሲወርድ ከጭቃ ላይ ይወድቃል።

በቦንጋ ከጓደኞቼ ጋር በተመለከትነው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሳቅነው በዚህ ስፍራ ነበር። በበኩሌ እንደሚመስለኝ፥ ያሳቀን መውረድ ስለ ቻለ ነው።

መንግሥቱ ለማ በ1961 ዓ.ም. በታተመው «ጠልፎ በኪሴ» በተባለው ተውኔታቸው የጠለፋን ነገር ወደ ኮሜዲ ሲያመጡ የያዙት ሥራ ከዚህ የከበደ ነው፤ የተጠለፈች ልጅ የምትወርድበት ጣቢያ የላትምና። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅቱ ጠላፊውን ወድዳ ካገባችው ክሱን ያስቀር ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንዳያድነው ደንግጎ፥ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ፈቃድዋን በማታለል አግኝቶ የጠለፋትንም በኃይል ከጠለፈው ጋር እኩል ያየዋል።

ፊልሙ በዚህ ሚዛን ሲመዘን አንድ ጉድለት ይገኝበታል። በመጨረሻ ቻርልስ ጂንን በደስታ ሲቀበላት፥ ያገባት እመቤትና እርስዋ አንዲት ሴት መሆናቸውን አያውቅም፤ ሊነገረውም አይፈልግም። ፍቅር ምርመራ አያሻውም የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ይቅርታ የሚደረገው ለታወቀ በደል ነው። ስተርጅስ ሳቁን ሰጥቶን ኑዛዜውን አስቀርቶብናል።

እንግዲህ እኛም በሲኒማ ሆነ በመንደራችን «አባብሎ ወሰዳት» ሲባል በሰማን ጊዜ፥ ከመሳቃችን በፊት መውረጃው ክፍት ነበርን? ብለን መጠየቅ ይገባናል።