«ፍቅር እስከ መቃብር» በዐይንና በጆሮ፤ ከከላላ አንባብያን የተሰበሰበ አስተያየት

ስለ ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ ድርሰቶች ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ ልናቀርብ ያሰብነው ግን የሊቃውንቱን ሒስ ሳይሆን የተራውን አንባቢ ሙገሳና ማጉረምረም ነው። አብዛኛውን የሰማነው በክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ከላላ በሄድንበት ጊዜ ነው። ያነጋገርናቸው ሰዎች ጥቂት ስለ ሆኑ፥ ይህን ያህሉ ወደደ፥ ያን ያህሉ ጠላ ብለን ቁጥር ለማውጣት አንደፍርም።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናዘዝ። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ሐሳባችን ያለቀለት ነበር። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ በወጣው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ከሚሰነዘሩት ነቀፌታዎች አንዱ ርዝመቱ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሳይተያዩ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ ብዙ ይተርካል፤ ጉዱ ካሣም አንድ ጊዜ አፉን ከከፈተ ቶሎ አይዘጋም። ይህን ነቀፌታ እኛም እንደ ራሳችን ሐሳብ ይዘነው ነበርና፥ ወደ አገራችን የሄድነው ምስክር ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል። ከምስክሮቻችን ግማሾቹ ረዱን፤ ግማሾቹ ግን አሳፈሩን።

የረዱን ወጣቶቹ ናቸው። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፥ «ሁለቱ እስኪገናኙ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለን። ሌላዋ ጉዱ ካሣ የሚናገርበትን ገጽ ሁሉ እየዘለለች የፍቅሩን ብቻ እንዳነበበች ያለ ሐፍረት ነገረችን። አንድ መምህር ደግሞ፥ ደራሲው ሰው ለማስለቀስ ሲሉ መንገዱን ሁሉ ወደ አንድ መቃብር ጠምዝዘውታል ሲሉ ወቀሱ። በዚህ በመጨረሻው ወቀሳ እኛም እንስማማለን። ያን ያህል አገር ያቋረጠችው ሰብለ ልክ በዛብህ ሊሞት ሲል መድረሷ፥ ስናነበው ቢያስለቅሰንም መጽሐፉን ከዘጋነው በኋላ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ነው።

ያሳፈሩን መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁት ናቸው። እንደሚታወቀው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት አንብቦታል። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ባልቴት ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን የፊታውራሪ መሸሻን ቤት የራሳቸውን ቀበሌ ያህል ያውቁታል። ስለ ርዝመቱ ስንጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። «ምኑ ነው የረዘመው ልጄ? ሰዓት ደረሰ ብሎ ሲያቋርጠው ነበር እንጂ እኛን የሚያናድደን! ለራዲዮው ድንጋይ መግዣ ሳንቲም አዋጥተን የለም እንዴ?» አሉን።

ነገሩን ስንመረምረው እንዲህ ሆኖ አገኘነው። የጉዱ ካሣ ንግግር በገጽ ላይ ሲታይ እንደ ግንብ ነው፤ አንቀጹ አያልቅም፥ ዐይን ማረፊያ ያጣል። በድምፅ ሲሰማ ግን በእሳት ዳር የተቀመጠ የአንድ ሰው ወግ ይሆናል፤ ይጠይቃል፥ ለራሱ ይመልሳል፥ ይቈጣል፥ ያሾፋል። ሐዲስ አለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነትን ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪው ትምህርቱን በቃሉ ይዞ፥ ጮኾ እያለ ለመምህሩ ጆሮ ያቀርባል እንጂ ዝም ብሎ በዐይኑ አያነብም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገራቸው ለጆሮ የተሠራ ቢሆን አያስደንቅም። በእንግሊዝ አገርም ዲከንስ ልብ ወለዶቹን በየአዳራሹ እየዞረ ለሕዝብ በድምፅ ያነብ ነበርና፥ ለጆሮ የሚጽፍ ደራሲ በኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

የከላላም ሰው ለጆሮ ጥበብ እንግዳ አይደለም። በወዳጃው ላይ መንዙማ ሲባል ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው፥ አንድ ነገር ተመልሶ ተመልሶ ሲነገር ማድመቂያ መሆኑን ያውቃል፤ «ተደገመ» ብሎ አይነቅፍም። እኛ በትምህርት ቤት ወንበር የለመድነው ችኮላ እርሱ ዘንድ የለም።

ከዚህ ላይ በዩኒቨርሲቲ ከአንድ ጓደኛችን ጋራ ያደረግነውን ክርክር ማንሣት ይገባናል። ጓደኛችን የአገራችን ልጅ ነው። «ይህ የጎጃም ካህናት መጽሐፍ ነው፤ ቅኔው የነርሱ፥ ድጓው የነርሱ፤ ለከላላ እስላም ምኑ ነው?» ይል ነበር። እውነትም ከላላ ከዐባይ በስተምሥራቅ ናት፤ ማንኩሳና ዲማ ግን ከዐባይ ወዲያ ናቸው። ሕዝቧም የሚበዛው እስላም ነው። እኛ በዚያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልነበረንም፤ ስለዚህ ጥያቄውን በጎልማሳነታቸው ታሪኩን በራዲዮ ለሰሙ አንድ ሼህ አቀረብነው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እናቲቱ ተሳለች፤ ዕዳውን ልጁ ከፈለ። እኛ ዘንድ ሰው በራሱ ላይ ይሳላል እንጂ በሌላው ነፍስ ላይ አይሳልም። የደራሲው ሙግት ከዚህች ዕዳ ጋራ ነው። ይህ ደግሞ ቄስም ሼህም ያለበት ቤት ሁሉ ይደርሳል» አሉን።

ይህ አስተያየት በክፍል ውስጥ ስንማር ያልሰማነው ነው። እኛ የምናውቀው፥ ፍቅሩን ያሰናከለው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው የሚለውን ነው። ይሁን እንጂ ሼሁ እንዳሉት፥ ፊታውራሪ «ልጄን ውሰድ» ቢሉት እንኳ በዛብህ ሳያውቅ በብፅዓት የተሰጠ ሰው ነበር። ሰብለን አባቷ ለማንም አልሰጥ ብለው ያዟት፤ በዛብህን እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሰጠችው። ሁለቱንም የጠየቃቸው የለም። እንዲህ ብለን ስናነበው፥ ረዘመ ያልነው የቦጋለና የውድነሽ ታሪክ መግቢያ ብቻ ሳይሆን የችግሩ ሥር ሆኖ ይታያል። የኛን ነቀፌታ ከሁሉ ይልቅ ያፈረሰብን ይህ ነው፤ ያፈረሰውም ጓደኛችን «መጽሐፉ አይመለከታቸውም» ካላቸው ሰዎች አንዱ ነው።

ሌላ ሽማግሌ፥ በጭሰኛነት የኖሩ፥ ስለ ፍቅሩ ብዙም ግድ አልነበራቸውም። እሳቸውን ያሳቃቸው አበጀ በለው ገበሬዎቹን አስተባብሮ ፊታውራሪን መማረኩ ነው። መጽሐፉ የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከመታወጁ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑን ስንነግራቸው፥ «እንዴት ደፈሩ!» ብለው ተገረሙ።

ስለ ደራሲው ሌሎች ልብ ወለዶች፥ ማለት ስለ «ወንጀለኛው ዳኛ» (1974) እና ስለ «የልም ዣት» (1980)፥ የተነገረን ጥቂት ነው። ከጠየቅናቸው የሚበዙት ስማቸውን እንኳ አያውቁም፤ በራዲዮ ሰማሁ ያለንም የለም። ያ ከላይ የጠቀስነው መምህር ከሁለቱ አንዱን ጀምረው እንደ ተዉት ነግረውናል። ለምን ብንላቸው፥ «እንጃ፤ የወጋየሁ ድምፅ ጠፋብኝ» አሉ። ሐዲስ ከመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው በኋላ ደክመዋል የሚባለውን ፍርድ በዚህ ዐይን እንደ ገና ማየት ይገባል እንላለን። በኛ ሚዛን ሁለቱ መጻሕፍት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጋራ አይስተካከሉም፤ ነገር ግን አንደኛው በታላቅ ተዋናይ አንደበት ታግዞ፥ ሌሎቹ ብቻቸውን ቆመው ሲወዳደሩ ውድድሩ ትክክል አይደለም።

የአንባቢ ማጉረምረም በሐዲስ ላይ ብቻ የወረደ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል፥ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962) እናነሣለን። በዚያ ላይ የሚቀርበው ስሞታ ተቃራኒ ነው፤ ባለታሪኮቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፥ ደራሲው ግን መንገዱን አያሳየንም ይባላል። ሐዲስ አብዝተው በማስረዳታቸው፥ ዳኛቸው ባለማስረዳታቸው ተወቀሱ። «አደፍርስ»ን በድምፅ አንብቦ የሚያሰማን ቢገኝ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ በቀላሉ እንለይ ነበር ይሆን? ይህን ሌላ ተማሪ ቢመረምረው ደስ ይለናል።

ከከላላ ከመመለሳችን በፊት መጽሐፋችንን ለባልቴቲቱ የልጅ ልጅ ትተንለት ነበር፤ ማታ ማታ ቡናው ሲፈላ እንዲያነብላቸው። በመጨረሻው ማታ እኛም ተገኝተን ነበር። ልጁ ጉዱ ካሣ ከሚናገርበት ቦታ ሲደርስ ደክሞት ኖሮ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠ። አሮጊቷ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፥ «ቆይ! ሰውዬው እኮ ነገሩን አልጨረሰም፤ መልሰው» አሉት።