የናታን ምሳሌና የአንበሳው ተረት፤ ስለ ፊልምና ስለ ልብ ወለድ መጻሕፍት የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ ፲፪ እንደ ተጻፈ፥ ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ከወሰደ፥ ኦርዮንንም በጦር ሜዳ ካስገደለ በኋላ እግዚአብሔር ነቢዩን ናታንን ወደ እርሱ ላከው። ናታንም ገብቶ ነገሩን በተግሣጽ አልጀመረም፤ ስለ አንድ ባለጸጋና ስለ አንድ ድኻ፥ በድኻውም ብብት ስላደገች አንዲት በግ ተረከለት እንጂ። ዳዊትም ይህን ሰምቶ በባለጸጋው ላይ እጅግ ተቈጣ፥ ሞትም ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ነቢዩ ያን ጊዜ ያ በደለኛ ራሱ ንጉሡ እንደ ሆነ ገለጠለት።

ሐተታ። ያ ባለጸጋ በየትኛው አገር ነበረ? ያችስ በግ በማን ደጅ ታረደች? ባለጸጋውም አልነበረ፥ በጊቱም አልታረደች። ነቢዩ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ስለ ምን ተናገረ ቢሉ፥ የነገሥታት ጆሮ ተግሣጽን ፊት ለፊት መስማት ይከብደዋልና ነው። አንድም፥ ሰው ለራሱ ሲፈርድ ያደላል፥ በሌላው ላይ ሲፈርድ ግን አያደላምና፥ ዳዊት ሳያውቀው በራሱ ላይ እንዲፈርድ ነው። አንድም፥ ለታመመ ሕፃን መራራውን መድኃኒት በማር ለውሰው እንደሚያቀምሱት ነው። ኢዮአታምም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ሄዱ አድርጎ ለሴኬም ሰዎች ተናግሯል (መሳ. ፱)።

ዳሩ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ከአሮጊቶች ተረት እንዲርቅ ያዘዋል (፩ጢሞ. ፬፥፯)፤ ጴጥሮስም ሐዋርያት ያስተማሩት በዓይናቸው ያዩትን እንጂ በሰው ብልሃት የተፈጠረውን እንዳልሆነ ይመሰክራል (፪ጴጥ. ፩፥፲፮)። እንግዲህ የናታን ነገር ምሳሌ፥ ያኛው ግን ተረት የሚባልበት ወሰኑ ወዴት ነው? ያልሆነውን መናገር እንዳንል ሁለቱም ያልሆነውን ይናገራሉ። ወሰኑ በፍጻሜው ይታወቃል፤ ምሳሌ ሰሚውን ወደ ራሱ ይመልሰዋል፥ ከንቱ ተረት ግን ከራሱ ያሸሸዋል።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ነገር እንዲህ ነው። ከእኔ ዘንድ ቅኔ የሚማር አንድ ዲያቆን በሌሊት በስልኩ ፊልም ሲያይ አገኘሁት። አንበሳ እንደ ሰው ሲናገር፥ ጠንቋይ ሴትም በበረዶ ላይ በሠረገላ ስትሄድ አየሁና ምንም ሳልጠይቅ ገሠጽሁት፥ ከጉባኤም አንድ ሳምንት ከለከልሁት። እርሱም እያለቀሰ «የኔታ፥ ፍጻሜውን ሳያዩ ፈረዱብኝ» አለኝ። ቃሉ ከነከነኝ። መጽሐፉን አስፈልጌ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወዳጄ እየተረጐመልኝ ሰማሁት፤ ፊልሙንም እስከ ፍጻሜው አየሁት።

መጽሐፉን የጻፈው ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ የሚባል፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1898 በቤልፋስት ተወልዶ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ያስተማረ ሊቅ ነው። በወጣትነቱ ሃይማኖቱን ትቶ ነበረና በ1931 ወደ ክርስትና ተመለሰ፤ በ1963 ዐረፈ። ናርንያ ስለምትባል፥ በልቡ ስለ ፈጠራት አገር፥ ከ1950 እስከ 1956 ሰባት መጻሕፍት አሳተመ። አስቀድሞ የታተመው «አንበሳው፥ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» ይባላል። ነገሩም፥ አራት ወንድማማችና እኅትማማች በጦርነት ምክንያት ከለንደን ወጥተው በአንድ ሽማግሌ ሊቅ ቤት ሲቀመጡ፥ በልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አልፈው በረዶዋ ወደማይቀልጥ አገር ይገባሉ። ከእነርሱ አንዱ ኤድመንድ ስለ ጣፋጭ መብል ብሎ ወንድሙንና እኅቶቹን ለጠንቋይቱ ይከዳል። ጠንቋይቱም ከዳተኛ ሁሉ በሕግ የእኔ ነው ብላ ደሙን ስትጠይቅ፥ አስላን የሚባለው አንበሳ በልጁ ፈንታ ይሞታል፥ ደግሞም ይነሣል።

አስላን በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ከይሁዳ ነገድ የሆነውን አንበሳ ማንም ሳይተረጕምልን እናውቀዋለን። በራእይ ምዕራፍ ፭ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንበሳው ድል እንደ ነሣ ለዮሐንስ ይነግረዋል፤ ዮሐንስ ሲመለከት ግን ያየው የታረደ የሚመስል በግ ነው። ሉዊስም ይህን ምሥጢር ያስተዋለ ይመስለኛል፤ አንበሳውን ሊገድሉት ሲሉ ጐፈሩን ይሸልቱታልና፥ አፉንም ያስሩታልና፥ እርሱም ዝም ይላልና። ይህ ኢሳይያስ በምዕራፍ ፶፫ በሸላቾቹ ፊት ዝም ስላለው በግ የተናገረው ነው። ስለ ባሕር ጕዞ በጻፈው በሌላው መጽሐፉም፥ ልጆቹ በዓለም ዳርቻ ያገኙት ነጭ በግ በፊታቸው ተለውጦ አንበሳ ይሆናል።

ሁለተኛም፥ አንበሳው የሚሠዋበት ጽሕፈት የተቀረጸበት የደንጊያ ገበታ አለ፤ ሲነሣም ያ ገበታ ለሁለት ይሰነጠቃል። የአዳምንና የሔዋንን የዕዳ ደብዳቤ የተማረ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይነካል። አባቶቻችን እንዳስተማሩን፥ ዲያብሎስ የባርነታቸውን ጽሕፈት በሁለት ደንጊያ ቀርጾ አንዱን በዮርዳኖስ፥ አንዱን በሲኦል አኖረ፤ ጌታችንም አንዱን በጥምቀቱ፥ ሁለተኛውን ወደ ሲኦል በመውረዱ ደመሰሰው (ቈላ. ፪፥፲፬)። ደራሲው የእኛን ትርጓሜ አይቶ ጻፈ አልልም፤ ተራርቀው የኖሩ ሰዎች ስለ አንዱ ቤዛነት ሲያስቡ ወደ አንድ ሥዕል መድረሳቸው ግን ያስደንቀኛል።

ሦስተኛም፥ ኤድመንድ ከክሕደቱ በተመለሰ ጊዜ አንበሳው ለብቻው ወስዶ ያነጋግረዋል፤ ምን እንዳለው ግን ደራሲው አይጽፍም። የንስሐ አባት የሆነ ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቀዋል።

ነቀፋ የለበትም ግን አይባልም። ጠንቋይቱን የአዳም ፊተኛ ሚስት ናት ከምትባለው ከሊሊት ዘር ያደርጋታል፤ ይህ የአይሁድ አፈ ታሪክ እንጂ የኦሪት ቃል አይደለም፥ ልጆችም እንዳይሳሳቱ መንገር ይገባል። ደግሞ አንበሳው የሚሞተው ስለ አንድ ልጅ ነው፤ ጌታችን ግን የዓለም ሁሉ ቤዛ ነው። በዚህስ ምሳሌ ከአማናዊው ማነሱ ልማዱ ነው፤ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግም ያዳነው አንዱን ይስሐቅን ነው።

ፊልሙ በ2005 በአንድሩ አዳምሰን አዘጋጅነት ወጣ። ሉዊስ ራሱ ሰው የአውሬ ልብስ ለብሶ አስላንን እንዲጫወት ፈጽሞ አልወደደም፤ በ1959 በጻፈው ደብዳቤ ይህ ለእርሱ እንደ ስድብ እንደሚቈጠር ገልጧል። በፊልሙ የታየው አንበሳ ግን በኮምፒዩተር የተሣለ ነው። ፊልሙ ያሳመረው ነገር አለ፤ መጽሐፉ በአንድ ቃል ያለፈውን የለንደንን መደብደብ አስቀድሞ ያሳያል፥ ኤድመንድም በቦምብ መካከል የአባቱን ፎቶግራፍ ሊያነሣ ሲሮጥ እናያለን፤ በዚህም ከዳተኛው እንደ እኛ ያለ ልጅ መሆኑን እንረዳለን። ያበላሸውም አለ፤ መጽሐፉ በጥቂት ቃል የጨረሰውን ሰልፍ እጅግ ያስረዝመዋል፥ ተመልካቹም በሰይፍ ብልጭታ ተይዞ የደንጊያውን ገበታ ይረሳል። የዓይን ምኞት ሐዋርያው ዮሐንስ ካስጠነቀቀን ነገር አንዱ ነውና (፩ዮሐ. ፪፥፲፮)፥ ፊልም የሚያይ ሰው ከመጽሐፍ አንባቢ ይልቅ ይህን መጠበቅ አለበት።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። የአባቶች ፍርሀት ከንቱ አልነበረም፤ በዚያ ከንቱ ነገር ብዙ ታይቷልና፥ ዛሬም ይታያል። ነገር ግን ቤቱን ከመርገም አስቀድሞ የሚነገረውን መመርመር ይሻላል፤ እኔ ይህን አላደረግሁም።

ያን ዲያቆን መልሼ ጠርቼ «ልጄ፥ ከዚያ ፊልም ማንን ሆነህ ወጣህ?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «የኔታ፥ ጣፋጩን የበላሁት እኔ ነኝ» አለና ለወራት የሸሸገውን ነገር ሊናዘዝ የንስሐ አባቱን ለመነ። እኔም በዚያች ሰዓት ሳይመረምር የፈረደውን ዳዊትን በራሴ አየሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ የቤት ጌቶችና እመቤቶችም ሆይ፥ ልጆቻችሁ የሚያነቡትን መጽሐፍና የሚያዩትን ፊልም አብራችሁ እዩ። ሲፈጸምም ማን ሆነው እንደ ወጡ ጠይቋቸው። በጠንቋይቱ ኀይል ተመኝተው የወጡ ቢሆኑ ምከሯቸው፥ ከልክሏቸውም፤ በደላቸውን አስበው የወጡ ቢሆኑ ግን ናታን በደጃችሁ አልፏልና አትክፉባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።