የጨንቻ አየርና የአሮጌ መኪና ፍሬን

«ጋሼ፣ የትልቅ መኪና ማስተር ብንገጥምለት ፍሬኑ አይጠነክርም?»

ይህን ጥያቄ በቅርቡ ያመጣልኝ አንድ የኮሮላ ዲኤክስ ባለቤት ነው። ዲኤክሱ በኋላ ጎማ የሚነዳው፣ ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ለገበያ ያወጣው ዓይነት ነው። ልጁ መኪናውን ዝቅ አድርጎታል፣ ሰፋፊ ጎማ አስገብቶለታል፣ ካምሻፍቱን አስቀይሯል፤ በአጭሩ የስፖርት መኪና አድርጎታል። አልነቅፈውም። ጃፓኖች በተራራ መንገድ ስም ያወጡለት ኤኢ86 እንኳ ብዙ ነገሩን የወረሰው ከዚሁ መኪና ነው። ችግሩ ፍሬኑ ነው። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ሲወርድ እንኳ፣ ደህና ይይዛል። ጨንቻ ላይ ግን ፔዳሉ ይደርቅና መኪናው አልቆም ይላል።

ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማ ስለሚገፋው ማስተር ያለኝ መልስ አጭር ነው፦ አይሆንም። የማስተሩ ፒስተን 22.2 ሚሊ ሜትር ከነበረና 25.4 ሚሊ ሜትር ካስገባህበት፣ ያው እግር ያንኑ ያህል ሲጫን ወደ ጎማ የሚሄደው ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ኃይሉ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ነው። ሰውን የሚያታልለው ግን ፔዳሉ ነው። ትልቅ ማስተር ብዙ ዘይት ስለሚገፋ ፔዳሉ ትንሽ ወርዶ ይቆማል፣ ጠንከር ይላል፣ ነጂው «አሁን ፍሬን ሆነ» ይላል። ቆሞ ሲሞክረው የወደደውን ቁልቁለት ላይ ይጠላዋል።

ሌላው ምክር ስለ ሰርቮው፣ የእግርን ጉልበት ስለሚያግዘው ዕቃ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነው፦ «ሱማሌ ተራ ሂድና ትልቅ ሰርቮ ገዝተህ ቀይር።» ሦስተኛው ደግሞ የሽማግሌዎቹ ነው፦ «ቮልስ መቼ ሰርቮ ነበረው? ፍታና ጣለው።» እርግጥ ነው ቮልስ ሰርቮ አልነበረውም። ግን መኪናው ቀላል ነው፣ የፔዳሉም ርዝመት ያለ ሰርቮ እንዲሠራ የተለካ ነው። ዲኤክሱ እንዲያ አልተሠራም። ሰርቮውን ብታወጣለት መኪናው የአንድ ሰው እግር የማይችለውን ጉልበት ይጠይቃል። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ከዚህ በላይ አልከራከርም።

የምከራከርበት ሌላ ነው። እዚህ አካባቢ የሚሠራ መካኒክ አየርን ሳይለካ ሰርቮ መፍታት የለበትም። ስለ ዲያፍራሙ፣ ስለ ቫልቩ፣ ስለ ዘንጉ የምናወራውን ያህል ስለ አየሩ አናወራም። ሰርቮ ግን የራሱ ጉልበት የለውም። የሚገፋው ከውጭ ያለው አየር ነው፤ ሞተሩ የሚያደርገው ከአንድ ወገን አየሩን መሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰርቮ ኃይል የሚወሰነው በውጭ ባለው አየር ክብደት ነው፤ ይህ ክብደት ደግሞ በእኛ አገር በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ይለወጣል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,285 ሜትር ላይ ናት። ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት በሜርኩሪ ኢንች ሲለካ 30 ገደማ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ወደ 25.6፣ ጨንቻ ላይ ወደ 21.5 ይወርዳል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የቫኪዩም ጌጁ ንባብ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል ብሎ መያዝ ለጋራዥ ሥራ ይበቃል። ደህና የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ባሕር ዳርቻ ላይ 20 ኢንች ቫኪዩም ያሳያል። ያው ሞተር፣ ምንም ሳይበላሽ፣ አርባ ምንጭ ላይ ከ15 እስከ 16 ያሳያል፣ ጨንቻ ላይ ከ11 እስከ 12።

ይህን ወደ ኪሎ እንቀይረው። 9 ኢንች ስፋት ያለው ሰርቮ፣ ዘንጉ የሚይዘውን ቦታ ትተን፣ በ20 ኢንች ቫኪዩም 280 ኪሎ ያህል ይገፋል። አርባ ምንጭ ላይ ወደ 220፣ ጨንቻ ላይ ወደ 160 ይሆናል። የተነሳንበት 280 ኪሎ የባሕር ጠለሉ ነው። ጨንቻ ገበያ የቆመ ዲኤክስ ገና ከመነሳቱ የሰርቮውን ጉልበት ግማሽ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ያህል አጥቷል፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረውም እዚያው ነው። ሲቀላ ላይ ፈትነህ «ሰርቮው ደህና ነው» የምትለው፣ መኪናውን በማይቸገርበት ቦታ ስለፈተንከው ነው።

«ሂሉክስስ ለምን ጨንቻ ላይ አይቸገርም? ሰርቮው ትልቅ ስለሆነ አይደል?» አለኝ ልጁ። አይደለም። ሂሉክሱ ናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በአየር ማስገቢያው ላይ ቫኪዩም አይፈጥርም፤ ስለዚህ ለብቻው ፓምፕ አለው፣ በብዙዎቹ አሮጌ ሂሉክሶች ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ። ፓምፑ ካልተበላ በስተቀር አየሩን ሙጥጥ አድርጎ ይስባል፣ ሚኒሞ ይሁን አይሁን ግድ የለውም። ጨንቻ ላይ ቤንዚኑ 11 ላይ ሲያቃስት ናፍጣው 20 አካባቢ ይይዛል። ልዩነቱ የሰርቮ ስፋት ሳይሆን የፓምፕ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ሙዝ ጭኖ የሚወጣ ፒክአፕ የዲናሞ ቀበቶው ሲጮህ የሰማ ሰው ባትሪውን ብቻ አያስብ። በእነዚያ መኪኖች ቀበቶው ሲንሸራተት ፍሬኑም አብሮ ይደክማል።)

አሁን ወደ ዲኤክሱ። መጀመሪያ የተለመደውን ፈተና አደረግን። ሞተር አጥፍተን ፔዳሉን እስኪደርቅ ረገጥን፣ እግር ሳናነሳ ሞተሩን አስነሳን፤ ፔዳሉ ትንሽ ሰመጠ። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሰርቮው ይሠራል፣ አለቀ። እኔ ጌጁን አመጣሁ። የገጠምኩት ሞተሩ በኩል አይደለም፤ በሰርቮው አፍ ላይ፣ ከቼክ ቫልቩ አጠገብ በቲ። ለዚህ ነገር ድርቅ የምለው ምክንያት አለኝ። ሰርቮው የሚያገኘው ሞተሩ ላይ ያለውን ቫኪዩም ሳይሆን በቱቦው በኩል የሚደርሰውን ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጌጁ 13 አለ። ይህ ካምሻፍቱ ነው። ቫልቮቹ ለፍጥነት ብለው አብረው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈቱ ሲደረግ በሚኒሞ ላይ ቫኪዩም ይጠፋል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተን፣ ኮፈኑን ዘግተን፣ በሲቀላ ፀሐይ ለረጅም ጊዜ አቆየነው። ኮፈኑን ከፍቼ ልጁ ፔዳሉን ደጋግሞ እንዲረግጥ ነገርኩት። ከሞተር ወደ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ መሐሉ ላይ ተጨምቆ ጠፍጣፋ ሆነ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እንደገና ተጣበቀ። ጌጁ በመጀመሪያው ርግጫ 13፣ በሦስተኛው 6 ላይ ነበር። አንድ ሰው የሰርቮውን ቱቦ በተራ የውሃ ቱቦ ቀይሮታል። የውሃ ቱቦ ወደ ውጭ የሚገፋ ግፊት ይችላል፤ ወደ ውስጥ የሚስብ ነገር ሲመጣበት ግን፣ በተለይ ከጋለ፣ ይጣበቃል። ቀዝቅዞ ሲታይ ምንም አይታወቅበትም። ለሰርቮ የሚሆነው ግድግዳው ወፍራምና ውስጡ የተጠናከረ ቱቦ ነው። እሱን ስንለውጥ ሦስተኛው ርግጫ ከመጀመሪያው ጋር ተቀራረበ።

ትልቁን ማስተር ወይም ትልቁን ሰርቮ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ያልቅ፣ ቱቦው ግን እዚያው ይቀር ነበር። ትልቅ ሰርቮ ደግሞ ከትንሹ የበለጠ አየር እንዲሳብለት ይጠይቃል፤ በተጣበቀ ቱቦ ይባስ ይዘገይ ነበር።

ካምሻፍቱን አውጣ አላልኩትም። የሚወደውን መኪና ነጥቄው ምን ላገኝ? ጨንቻ መውጣት ከፈለገ ግን ሁለት ነገር ይደረግ አልኩ። አንደኛው ማስተካከል ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ካርቡራቶር ከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጅግለሩ ሲቀነስ፣ እሳቱ ትንሽ ሲቀደም፣ የቫልቭ ክፍተቱ ሲስተካከል ሁለት ሦስት ኢንች ይመለሳል። ሁለተኛው ትንሽ የቫኪዩም ታንከር ነው። ከብረት የተሠራ፣ ከሰርቮው በፊት የሚገጠም፣ ቼክ ቫልቩ በሞተሩ በኩል የሆነ። ፕላስቲክ ጄሪካን አይሆንም፤ አየሩ ሲሳብ ይጨማደዳል።

ታንከሩን የሚሞላው ደግሞ አነዳዱ ነው። የቤንዚን ሞተር ከሁሉ የበለጠ ቫኪዩም የሚስበው ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ቁልቁለት ሲወርድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሚኒሞውም በላይ ይስባል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ይባስ ብሎም ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ ሰው ሞተሩ የሚይዝለትን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ሰርቮውንም ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የገዛ እግርህ ነው። በጨንቻ መንገድ ላይ ካለችው ከዶርዜ በታች ያሉትን መታጠፊያዎች የሚያውቅ ሦስት ርግጫ ምን ያህል እንደሚያደርስ ያውቃል።

ሴቻ ያለ አንድ የሙያ ባልደረባዬ በታንከሩ አይስማማም። ከአዳዲስ መኪኖች የሚወጣውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ግጠምለት ይላል። ካምሻፍቱ ለተቀየረ ሞተር ሐሳቡ መልካም ነው፤ ፓምፑ የሞተሩን ድክመት አያውቅም። የእኔ ጭንቀት ሽቦው ነው። በአሮጌ መኪና፣ በክረምት፣ በጨንቻ ጭጋግ ውስጥ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ሁሉ በርቶ ሳለ አንድ ፊውዝ ቢቃጠል፣ ነጂው የሚያውቀው ፔዳሉን ሲረግጥ ነው። ታንከር ፊውዝ የለውም። ፓምፕ ከተገጠመም የማስጠንቀቂያ መብራት ይኑረው፣ የሞተሩም ቱቦ አይነቀል፤ ከዚህ አልወርድም።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በታኮ ነው። ልጅ ሆኜ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ወደ ጨንቻ ሽቅብ ስንወጣ ከኋላ ተንጠልጥዬ፣ መኪናው ሲያቅተው ዘልዬ ወርጄ እንጨቱን ከጎማው ሥር መወተፍ ሥራዬ ነበር። ታኮ የያዘ ልጅ ፍሬንን የሚያውቀው በእግሩ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ሾፌሩ ሲረግጥ የሚሰማውን፣ ጎማው ከመንከባለሉ በፊት ያለችውን ቅጽበት። ሾፌራችን ቁልቁለቱን በወጣበት ማርሽ ይወርድ ነበር። ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ጋሼ ይባሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሥራ ስጀምር ነው የገባኝ። በእጃቸው ያለው አንድ የቫኪዩም ጌጅ ነበር፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ። ሞተር ሲያዳምጡም፣ ፍሬን ሲመረምሩም እሱን ነበር የሚያስቀድሙት። ሲሞቱ ጌጁ ለእኔ ተሰጠኝ።

ሞተር የሠራሁለት ሰው ያመሰግነኛል፤ መኪናው ሲፈተለክ ያየዋል። ፍሬን የሠራሁለት ሰው ምንም አይለኝም፣ ሊለኝም አይገባም። ማክሰኞና ቅዳሜ ለጨንቻ ገበያ የሚወጡት መኪኖች ውስጥ የእናቴ ዘመዶች አሉ፤ የሸማኔ ልጆች፣ ፖም የሚሸጡ እናቶች። ሰው ሞልቶ ሲወርድ የማየው እያንዳንዱ አሮጌ መኪና ጌጁ ስንት ያነብ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ይህ ሐሳብ ሌሊትም አይለቀኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ስለዚህ ፍሬኑ ደከመ ተብሎ የመጣን የቤንዚን መኪና ጨንቻ ሳላወጣው አላስረክብም። ጌጁን በረጅም ቱቦ ወደ ጋቢና አስገብቼ፣ ተለማማጄን አጠገቤ አስቀምጬ እንወጣለን። ደንበኛው ቤንዚኑ ያሳስበው እንደሆነ ከራሴ እከፍላለሁ። ተለማማጁ የሲቀላውን፣ የዶርዜውንና የጨንቻውን ንባብ በደብተር ይጽፋል፣ ስንወርድም በየማርሹ የሚሆነውን። በዚያ ደብተር ከዲኤክስ እስከ ቤንዚን ላንድክሩዘር ያለው ሁሉ አለ፤ ጤነኛው ስንት፣ የታመመው ስንት እንዳነበበ። መካኒክ የሆነ ሰው መጥቶ መገልበጥ ይችላል፣ ሲቀላ ነኝ።