ከደወሉ በፊት፦ የ10,000 ሜትር ትንተናችን የሚዘለው

የ10,000 ሜትር ሩጫ 25 ዙር ነው። በአማርኛ የሚጻፈውንና የሚነገረውን የአትሌቲክስ ትንተና ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ግን ሩጫው አንድ ዙር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ያውም ደወል የሚደወልለት የመጨረሻው። በሲድኒ (እ.ኤ.አ. 2000) ፖል ቴርጋት ቀድሞ መፈትለኩን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስመሩ ላይ ደርሶበት በ9 መቶኛ ሰከንድ መቅደሙን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ከዚያ በፊት የነበሩት 24 ዙሮች ለዚያች ቅጽበት ምን እንዳዋጡ የሚነግረን ጽሑፍ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በእኔ እምነት አጨራረስ ከሚገባው በላይ ተወድሷል፤ ዙር የሚያከሩ ሯጮች ደግሞ ከሚገባቸው በታች ተነግሮላቸዋል።

ጉዳዩን ከእኛ ራቅ ባለ ስፖርት በኩል ማየት ይቀላል። ጁዶ ላይ ተመልካች የሚያስታውሰው ኢፖንን ነው፤ ተጋጣሚን በጀርባው አንጥፎ ግጥሚያውን እዚያው የሚዘጋውን ውርወራ። ተንታኞቹ ግን አራቱን ደቂቃ ይበልቱታል፦ መቀራረቡን፣ ልብስ ለመያዝ የሚደረገውን ግብግብ (ኩሚ ካታ ይሉታል)፣ ማጥቃቱን፣ ምንጣፍ ላይ ያለውን ትግል፣ ዳኛው የሚያስቆምበትን ፋታ። እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ማን የማንን እጅጌ ወይም ኮሌታ ቀድሞ እንደጨበጠ ይመዘግባሉ። ብራዚላውያኑ ኤመርሰን ፍራንኪኒና ቢያንካ ሚያርካ ለዓመታት የደከሙት በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ጃፓን በለንደን 2012 አንድ ወርቅ ብቻ አግኝታ ወንዶቿ ጭራሽ ያለ ወርቅ ከተመለሱ በኋላ፣ የተጋጣሚዎችን አያያዝና ዘዴ በቪዲዮና በቁጥር የሚያጠና ጎጂራ የተባለ ሥርዓት ዘረጋች፤ በቶኪዮው ኦሊምፒክ 9 ወርቅ ወሰደች። ድሉን ሁሉ ለኮምፒውተር መስጠት የዋህነት ነው፤ ሜዳው የራሳቸው ነበር፣ አሠልጣኙ ኮሴይ ኢኖዌም ነበር። የሚያስቀናኝ ጥያቄያቸው ነው። ሰውዬው ከመውደቁ በፊት ሚዛኑን መቼ እንደሳተ ይጠይቃሉ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በሞስኮ 1980 ምሩጽ ይፍጠር 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ያደረገው ነገር «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘውን ዝና አተመለት፤ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከእሱ ጋር ሆነው ፍጥነቱን እየጨመሩና እየቀነሱ ተቀናቃኛቸውን ላሴ ቪረንን ያደከሙበት ረጅም ሥራ ግን የዝናው ጥላ ውስጥ ቀረ። ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ነው የወጡት። ይህ ቅደም ተከተል በአንድ ዙር የሚመጣ አይደለም።

የዚህ ጥበብ ቁንጮ ግን ለእኔ የ2003ቱ የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ26:49.57፣ ኃይሌ በ26:50.77፣ ስለሺ ስህን በ27:01.44 ተከታትለው ገቡ። ብዙዎቻችን ያንን ምሽት የምናስታውሰው የዘውድ ርክክብ አድርገን ነው፤ ወጣቱ ታላቁን ቀደመ፣ አበቃ። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው 5,000 ሜትር 13:52.33 ፈጀ፤ በዙር ሲካፈል 66 ሰከንድ ተኩል ግድም። ለማንም የማይከብድ አካሄድ ነበር። ሁለተኛው 5,000 ሜትር 12:57.24 ነው፤ በዙር 62 ሰከንድ ከትንሽ። በእያንዳንዱ ዙር ከአራት ሰከንድ በላይ ተቀነሰ ማለት ነው፣ ያውም ለ12 ዙር ተኩል ያለ እረፍት። በዚያው ሻምፒዮና ኤሊዩድ ኪፕቾጌ የ5,000 ሜትሩን ፍጻሜ ያሸነፈው በ12:52.79 መሆኑን አጠገቡ ብናስቀምጥ ነገሩ ይገባናል፤ ሦስቱ ልጆች 5,000 ሜትር ከሮጡ በኋላ ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚያወዳድር ሌላ 5,000 ሜትር ሮጠዋል። አራተኛ የወጣው ሯጭ ስለሺን እንኳ ያየው ከሩቅ ነው።

እዚህ ላይ ፊት የነበረው ማን ነው? ኃይሌ ነው። ከግማሹ በኋላ ዙሩን ያከረረው፣ ነፋሱን የበላው፣ ከኋላው ያለው ወጣት በአጨራረስ እንደሚበልጠው እያወቀ እግሩን ያልሰበሰበው እሱ ነው። ከሲድኒው ወርቅ ይልቅ ይህ ብር የኃይሌን ታላቅነት ያሳየኛል፤ ሲድኒ ላይ የነበረው ደረት ነው፣ ፓሪስ ላይ የነበረው ጭንቅላት። በዓመቱ አቴንስ ላይ ቀነኒሳና ስለሺ ፍጥነት ቀንሰው ተጎድቶ የመጣውን ኃይሌን ሲጠብቁ ያየ ሰው፣ ያ ውለታ በደንብ ተቆጥሮ እንደነበር አይጠፋውም።

ሩጫን በአጨራረስ ብቻ ከሚለካው ሚዛን ይበልጥ የተጎዳችው ግን አልማዝ አያና ናት። ሪዮ 2016 ላይ ኬንያዊቷ አሊስ አፕሮት ግማሹን በ14:46.81 መርታ አለፈች፤ አልማዝ ተረከበችና ቀሪውን በ14:30.64 ሮጠች። ውጤቱ 29:17.45፣ ከ1993 ጀምሮ ያልተነካውን የዋንግ ጁንሺያን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ያሻሻለ። ሁለተኛዋ ቪቪያን ቼሩዮት የገባችው ከ15 ሰከንድ በኋላ ነው። ውጭ ያሉት በጥርጣሬ ተቀበሉት። እኛ ደግሞ ደስ ብሎን ስናበቃ ቶሎ ረሳነው፤ ደወሉ ሲደወል አጠገቧ ማንም ስላልነበረ የምንተርከው ግብግብ አጣን። እንዲህ ያለ ሩጫ የሌላ አገር ሯጭ ብትሮጠው የአሠልጣኝነት ትምህርት አንድ ምዕራፍ ይሆን ነበር።

ፓሪስ 2024 ደረሰ። ሐምሌ 26 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ነበርኩ። ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ በሪሁ አረጋዊና ሰለሞን ባረጋ እየተፈራረቁ ሲመሩ ቤቱ ስለ እንግሊዝ ክለቦች ዝውውር ያወራል። ደወሉ ሲደወል ወንበር ተገፋ፣ ሁሉም ቆመ። ጆሹዋ ቼፕቴጌይ 26:43.14፣ በሪሁ 26:43.44፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር 26:43.46። «አጨራረስ የለንም!» አለ አንዱ፤ በማግስቱ የሰማሁት የባለሙያ ትንተናም ከዚህ ብዙ ፈቅ አላለም።

ልጆቹ ሥራውን ለመካፈል ማሰባቸው ትክክል ነበር። አካሄዳቸው ግን ፈጣንና ከሞላ ጎደል ወጥ ነበር፤ በዙር በአማካይ 64 ሰከንድ። ወጥ ፍጥነት ሰው አይቆርጥም፣ ይዞ ይሄዳል። ለዚህም ምስክሩ ራሱ ውጤቱ ነው፦ በዚያች ምሽት 13 ሯጮች ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ካስመዘገበው 27:01.17 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በታች ገቡ። ባለ ክብረ ወሰኖችን በሠልፍ ያፈራ ዕቅድ ዙር አከረረ አይባልም፤ ለ13 ሰው አሯሯጭ ሆነ እንጂ። ቼፕቴጌይ ደግሞ 10,000 ሜትርን በ26:11.00 የሮጠ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን ነው፤ በዙር 63 ሰከንድ እንኳ ያልሞላ። 64 ለእሱ ሳሎን ነው። ሦስቱ ከ15ኛው ዙር በኋላ ተራቸውን ጠብቀው 61፣ ከዚያ 65፣ ከዚያ እንደገና 61 ቢያስሮጡት ኖሮ ደወሉ ጋ በምን እግር ይደርስ እንደነበር የጠየቀ ተንታኝ እስካሁን አልገጠመኝም።