በዌስኖዝ ጦርነት ማሸነፍ ምን ማለት ነው?

ጨዋታ ባለበት ሁሉ «እንዴት አድርጌ ላሸንፍ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው በተነሣበትም መካሪ አይጠፋም። በኮምፒዩተር ከሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታዎች መካከል «ባትል ፎር ዌስኖዝ»፣ በእኛ አነጋገር የዌስኖዝ ፍልሚያ፣ ብዙ ምክር ከሚሰጥባቸው አንዱ ነው። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ ይህን ወታደር ግዛ፣ ያንን አትግዛ፣ አስቀድመህ መንደሮቹን ያዝ፣ ሌሊት አትዋጋ ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክሮቹ እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆኑ መመርመር፣ ጨዋታውም ለተማሪ የሚሰጠውን ጥቅምና ያለበትን ጉድለት መመዘን ነው።

ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ዴቪድ ዋይት የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያሳደጉት በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ታሪኩ ፈጠራ ነው። ሰዎች፣ ኤልፍ የሚባሉ የጫካ ነዋሪዎች፣ ኦርክ የሚባሉ ጨካኝ ተዋጊዎች፣ ከመቃብር የተነሡ ዐፅሞች በአንድ ምድር ላይ ይፋለማሉ። ሜዳው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። አንዱ ወገን ወታደሮቹን አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ተራው ለሌላው ይለቀቃል። መሪው የሞተበት ወገን ብዙውን ጊዜ ተሸናፊ ነው።

ገበጣና ሰንጠረዥ የለመደ ሰው ተራ መጠበቅ አይቸግረውም። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ እንደ ነበርና ተራው የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲገድል እንደ ነበር ይታወቃል። ሆኖም በገበጣም በሰንጠረዥም ውስጥ ዕጣ የለም። ሁሉ ነገር ዓይን ፊት ነው፤ የተሸነፈ ሰው በዕድሉ ሊያመካኝ አይችልም። ዌስኖዝ ግን እያንዳንዱን ምት በዕጣ ይወስናል። ልዩ የሆነው ትምህርቱም፣ የምክሮቹም ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በቁጥር እንመልከተው። ዋጋው 14 ወርቅ የሆነ አንድ ባለ ጦር ወታደር በአንድ ውጊያ ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ የያንዳንዱም ምት ጉዳት 7 ነጥብ ነው። ምቱ ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው ጠላት የቆመበት መሬት ነው። በጨዋታው የሰው ዘር የሆነ እግረኛ ሜዳ ላይ ቢቆም ከመቶ 60፣ ተራራ ላይ ቢቆም ከመቶ 40፣ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ቢቆም ከመቶ 80 ይመታል። እንግዲህ ያው ወታደር ከሦስቱ ምቶች ቢያንስ ሁለቱን የማግኘት ዕድሉ ጠላት ሜዳ ላይ ሲሆን ከመቶ 65፣ ተራራ ላይ ሲሆን ከመቶ 35 ያህል ነው።

በዚህ ላይ የቀኑ ሰዓት ይጨመራል። አንድ ቀን ስድስት ዙር አለው፤ ንጋት፣ ረፋድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ምሽትና ሁለት የሌሊት ዙሮች ናቸው። ባለ ጦሩ በሁለቱ የቀን ዙሮች ጉዳቱ በሩብ ያድጋል፣ በሁለቱ የሌሊት ዙሮች በሩብ ያንሳል። ስለዚህ የምቱ ጉዳት በቀን 9፣ በሌሊት 5 ይሆናል። በቀን ሜዳ ላይ የቆመን ጠላት ሲወጋ በአማካይ 16 ነጥብ ያህል ጉዳት ያደርሳል፤ በሌሊት ተራራ ላይ የቆመውን ሲወጋ ግን 6 ብቻ ነው። ወታደሩ ያው ነው፣ የተከፈለበትም ወርቅ ያው ነው፤ ለውጡን ያመጣው ቦታውና ሰዓቱ ነው።

ከዚህ አንጻር ምክሮቹን እንመርምር። «ሌሊት አትዋጋ» የሚለው ለሰዎች ጦር እውነት ነው፤ ለኦርኮችና ለዐፅሞች ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ሌሊት የነሱ ጊዜ ነውና። ኤልፎች አብዛኞቹ በቀንም በሌሊትም ያው ናቸው። ከዚህም በላይ ምክሩ ዋናውን ጉዳይ ዘሎታል። ውጊያን ሌሊት ማቆም የሚፈልግ አዛዥ ወደ ኋላ መመለስ የሚጀምረው ከመምሸቱ በፊት ነው። በጠላት አጠገብ ያለው ቤት ሁሉ የጠላት ቁጥጥር ክልል ስለ ሆነ፣ ወደዚያ የገባ ወታደር እንደ ልቡ አልፎ መሄድ አይችልም፤ ጨለማው ከያዘው በኋላ ልሽሽ ቢል መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ የተሻለው ምክር «ሊነጋ ሲል ድረስ፣ ሊመሽ ሲል ራቅ፤ ለዚህም እርምጃህን አስቀድመህ ቍጠር» የሚለው ይሆናል።

«ፈረሰኛ ግዛ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ጦሩን አሹሎ የሚጋልበው ፈረሰኛ ዋጋው 23 ወርቅ ሲሆን፣ ሲያጠቃ የሚያደርሰውም የሚቀበለውም ጉዳት እጥፍ ይሆናል። በቅርብ ሲመቱት አጸፋ መስጠት የማይችለውን ጀማሪ ጠንቋይ ቢያጠቃ ያለ ኪሣራ ሊጥለው ይችላል። ባለ ጦር እግረኛን ቢያጠቃ ግን፣ እግረኛው ሲከላከል እንኳ ቀድሞ የሚወጋ በመሆኑ፣ ፈረሰኛው ራሱ እጥፍ ጉዳት ይቀበላል። ባለ ጦሩም በበኩሉ በዐፅም ላይ ቢላክ ከጉዳቱ ከመቶ 60 ያህሉ ይባክናል፤ ለዐፅም የሚያስፈልገው የሚሰብር ዱላ ወይም እሳት ነው። እንግዲያው ጥያቄው «የትኛው ወታደር ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ለማን? የት? መቼ?» ነው።

መንደሮችን ስለ መያዝ የሚሰጠው ምክር ከሁሉም የበለጠ እውነት አለው። መንደር ወርቅ ያስገኛል፣ በውስጡ ያደረውን ቍስለኛ በየዙሩ በ8 ነጥብ ያድናል። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ብሎ ሠራዊቱን የበታተነ ተጫዋች እያንዳንዱ ወታደር ብቻውን ሲከበብ ያያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ስለ ምክሮቹ የምሰጠው ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ሐሰት አይደሉም፤ ጎደሎ ናቸው። «ስለምን» የሌለው ምክር ተማሪው ያገኘውን ሁኔታ ሳይመረምር የሌላውን መልስ እንዲገለብጥ ያደርገዋል።

ጨዋታውም ከነቀፌታ አያመልጥም። አንደኛ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ለብቻ ሲጫወቱ ጠላት ሆኖ የሚሰለፈው ኮምፒዩተር ችኩል ነው፤ ጥሩ ቦታ ላይ የቆመ አንድ ጠንካራ ወታደር ካየ ያለ በቂ ዝግጅት ይጎርፍበታል። በዚህ ማጥመጃ ብቻ ማሸነፍ የለመደ ተጫዋች ሰው ሲገጥመው ይደናገራል። ሁለተኛና ዋነኛው፣ በረጅሞቹ ታሪኮች ውስጥ ምቱ የሳተበት ተጫዋች ቀድሞ ወደ ተመዘገበው ዙር ተመልሶ ዕጣውን እንደገና መሞከር መቻሉ ነው። ልምድ ያካበተ ወታደር ሲሞት ጉዳቱ እስከሚቀጥሉት ምዕራፎች ስለሚዘልቅ ፈተናው ከባድ ነው። ነገር ግን እስኪሳካለት ድረስ ወደ ኋላ የሚመለስ ተማሪ ውሳኔው ትክክል እንደ ነበር ያምናል እንጂ አይመረምረውም።

መምህር ሊያተኩርበት የሚገባው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ባለ ጦሩ ሜዳ ላይ ያለ ጠላትን ወግቶ ሦስቱንም የመሳት ዕድሉ ከመቶ 6 ያህል ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በአንድ ጦርነት 30 ጊዜ እንዲህ ቢያጠቃ፣ ሁለት ጊዜ ያህል ፍጹም መሳት የሚጠበቅ እንጂ የሚያስደንቅ አይደለም። «ዕድሌ ከዳኝ» የሚለው ተማሪ ሒሳቡን አልሠራውም። ጥሩ ተጫዋች ከማጥቃቱ በፊት «ሦስቱም ቢስቱ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከኋላው ሌላ ወታደር ያቆማል፣ መሪውን አያጋልጥም። እንዲህ አድርጎ የተሸነፈ ሰው በደንብ ተጫውቷል። መሪውን አጋልጦ በዕጣ የተረፈው ደግሞ ቢያሸንፍም መጥፎ ተጫውቷል።

ይህንን በክፍል ውስጥ እናውቀዋለን። በግምት ትክክለኛውን ፊደል ያከበበ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ፣ አሠራሩ ትክክል ሆኖ በመጨረሻው መደመር የሳተው ዜሮ ሲያገኝ፣ እኛም ውጤቱን ብቻ አይተን ውሳኔውን ትተናል ማለት ነው። ስለዚህ ጨዋታውን በክበብ ለሚያጫውቱ መምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ወገን ይምሩ፤ ተራቸውን ከመልቀቃቸው በፊት ምን እንደሚያደርጉ፣ ለምን፣ ባይሳካስ ምን እንደሚከተል በሦስት መስመር ይጻፉ። ወደ ኋላ መመለስ ይከልከል። በመጨረሻም የሚታረመው ወረቀቱ ይሁን። የሒሳብ መምህር ለዕድል ስሌት ትምህርት ከዚህ የበለጠ ሕያው ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

አንድ ነገር ይቀራል። በጨዋታው አብዛኞቹ ወታደሮች የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ቢሆንም 14 ወርቅ የተከፈለበት ሰው ሲወድቅ በ14 ወርቅ ሌላ ይተካል። በአካባቢያችን ጦርነትን በወሬ ሳይሆን በቤቱ የሚያውቅ ተማሪ በየክፍሉ ሊኖር ይችላልና፣ መምህሩ ይህን በዝምታ ማለፍ የለበትም። ጨዋታውን ይከልክል ማለቴ አይደለም። «መሥዋዕት ላድርገው» የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ ባነበበ ጊዜ ግን፣ በስሌቱ ውስጥ ያልገባው ዋጋ ምን እንደ ሆነ ተማሪውን ይጠይቀው።