ከመርፌው በፊትና በኋላ፦ ስለ ንቅሳት ዝግጅት

ንቅሳት ቀለምን በመርፌ ጫፍ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አሳልፎ ከሥሩ ባለው ወፍራም ንብርብር ውስጥ የማኖር ሥራ ነው። ላይኛው ሽፋን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙ አይበልጥም፤ ራሱንም በየጊዜው ስለሚተካ እዚያ የቀረ ቀለም በሳምንታት ውስጥ ተልጦ ይሄዳል። ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ጠልቆ ያረፈው ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከዚያ ካለፈ ደግሞ መስመሩ ይፈሳል፣ ጠባሳም ይተዋል። የነቃሽ ችሎታ የሚለካው በዚህች ጠባብ ልዩነት ነው። የተነቃሹ ድርሻ ግን አብዛኛው ከመርፌው በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ ያማረ ሥራ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በጎጃም፣ በሞጣ፣ በብቸናና በአካባቢያቸው ገጠር የዚህ ሥራ ምስክሮች ዛሬም በገበያ ቀን ይታያሉ። በዕድሜ የገፉ ሴቶች አንገታቸው ላይ የተደረደሩ ቀለበታማ መስመሮች፣ በአገጭ ጠርዝ የተሰደሩ ነጠብጣቦች፣ ግንባር ላይ የተነቀሰ መስቀል አላቸው። ሲስቁ ደግሞ የጠቆረው ድዳቸው ይታያል። የድድ ንቅሳት ጥርስን አንጥቶ ያሳያል፣ ድድንም ያጠነክራል ተብሎ የሚሠራ ነበር። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ነጭ ነገር በጥቁር ዳር ላይ ይጎላል። ሁለተኛው ግን በሕክምና የተረጋገጠ አይደለም። የአንገቱ ንቅሳት ብር ድሪ መግዛት ላልቻለች ልጃገረድ ጌጥ ነበር፤ የማይሸጥ፣ የማይሰረቅ፣ በችግር ቀንም ለመያዣነት የማይሰጥ ጌጥ።

ቀለሙ ጥላሸት ነው፤ ከኩራዝ ጭስ ወይም ከድስት ቂጥ ተፍቆ በቅጠል ጭማቂ ወይም በውኃ የሚበጠበጥ። መሣሪያው እሾህ፣ ኋላም በክር አንድ ላይ የታሰሩ የልብስ መርፌዎች ነበሩ። ጥላሸት ጥቁር ሆኖ ሳለ ንቅሳቱ ከጊዜ በኋላ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስሎ የሚታየው ቀለሙ ስለተቀየረ አይደለም። ጥቁሩ ነገር ከቆዳ በታች ሲሆን ቆዳው አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ በትኖ ወደ ዐይን ስለሚመልሰው ነው። በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች የሚሠራበት ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ያው ካርቦን ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሳሙኤል ኦራይሊ ኒውዮርክ ውስጥ ከቶማስ ኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ተነሥቶ የንቅሳት ማሽን በስሙ አስመዘገበ። ማሽኑ ፍጥነትንና እኩል ጥልቀትን ጨመረ፤ ቆዳው ግን ያው ቆዳ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት የሚጀምረው ከሥዕሉ ምርጫ ነው። ቀለሙን በቆዳ ውስጥ ይዘው የሚያቆዩት ባዕድ ነገርን የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ ቀለሙን ይለቁታል፤ በቦታቸው የሚተኩት አዳዲሶቹም መልሰው ይውጡታል። ዓመታት ሲያልፉ መስመር ይሰፋል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። የድሮዎቹ የጎጃም ነቃሾች ይህን በሳይንስ ባይተነትኑትም ሥራቸው ያወቁት ይመስላል። መስመሩ ወፈር ያለ፣ ነጠብጣቡ የተራራቀ፣ በመካከሉም ባዶ ቆዳ የተተወለት ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይነበባል። ዛሬ ከስልክ ላይ ተመርጦ የሚመጣው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሥዕል ይህን ዕድሜ አያገኝም።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ሉ» እና «ሊ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥል ቦታ ነው። የእናት ስም ወይም የዳዊት መዝሙር ቃል በእጅ አንጓ ላይ በደቃቅ ፊደል ቢነቀስ፣ ቅጥሉ ከእግሩ ጋር የሚገናኝበት ቀን ይመጣል። ቁመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ፊደል ባይሞከር ይሻላል። የግእዝ ጥቅስ ከሆነ ደግሞ ስቴንስሉ (ንድፉን ቆዳ ላይ የሚያትመው ወረቀት) ከመለጠፉ በፊት ግእዝ ለሚያውቅ ሰው፣ ለመርጌታ ወይም ለቄስ ማሳየት ብልህነት ነው። እርግጥ መርጌታው ከፊደሉ አስቀድሞ ዘሌዋውያን 19፥28 ላይ ስለ ገላ መነቀስ የተጻፈውን ክልከላ ሊያነሣ ይችላል። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በአንድ በኩል ክልከላው አለ፤ በሌላ በኩል በግንባራቸው መስቀል የተነቀሱ እናቶች፣ በእጃቸው አንጓ መስቀል የሚነቀሱ የግብፅ ቅብጦች፣ ኢየሩሳሌም ደርሰው ተነቅሰው የሚመለሱ ተሳላሚዎች አሉ። በቤተ ሰብ ውስጥ ይህን ጉዳይ መጨረስ ያለበት ሰው ከቀጠሮው በፊት ይጨርሰው፤ በመርፌ መካከል የሚመጣ ጸጸት መፍትሔ የለውም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የንጽሕና ጉዳይ ነው። ድሮ በአንድ መርፌ እኅትማማቾች፣ ጎረቤታሞች ተራ በተራ ይነቀሱ ነበር። ዛሬ በጤና ትምህርት ንቅሳት እንጥል ከማስቆረጥ ጋር ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ የሚቆጠረው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በተበከለ መርፌ መወጋት ኤችአይቪን የማስተላለፍ ዕድሉ በሺህ ሦስት ገደማ ሲሆን፣ የጉበት ቫይረስ ሲ በመቶ ሁለት ያህል ነው፤ ክትባት ላልወሰደ ሰው የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ ከመቶ ከስድስት እስከ ሠላሳ ይደርሳል። ቫይረስ ቢ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይሞት መቆየት ይችላል። መርፌን በጨርቅ ጠርጎ ለቀጣዩ ሰው ማዋል ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

«ውኃ ውስጥ አፍልተነዋል» የሚል መልስም አያጠግብም። ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። የመንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ዓይነት በሽፋን የተጠቀለለ ተህዋስ 100 ዲግሪንም ይችላል። እሱን የሚገድለው በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ማምከኛ ነው፤ 121 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። በደጋ አገር የማምከኛው የግፊት ንባብ ለባሕር ዳርቻ ከተጻፈው ቁጥር ከፍ ማለት ስላለበት፣ ጥሩ ባለሙያ በግፊቱ ቁጥር ብቻ አይተማመንም፤ በሙቀት ቀለሙን የሚቀይር መመርመሪያ ወረቀት በየጥቅሉ ይከታል። ደንበኛው ይህን ሁሉ መመርመር ባይችል እንኳ ሦስት ነገር በዐይኑ ሊያይ ይገባል፦ መርፌው ከታሸገ ጥቅል ፊቱ ሲከፈት፣ ቀለሙ ከትልቁ ጠርሙስ በትንሽ ስኒ ለእሱ ብቻ ሲቀዳ፣ ባለሙያው ስልክ ወይም የበር እጀታ ከነካ በኋላ ጓንቱን ሲቀይር። ቀለምን በቧንቧ ውኃ የሚያቀጥን ሰው ጋ መነቀስ አይገባም። ይህን መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው አለ፤ በጥያቄው የሚቆጣ ነቃሽ ግን መልሱን ሰጥቷል።

ክትባቱም የዝግጅቱ አካል ነው። ኢትዮጵያ የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትን በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ አለመከተቡ የሚጠበቅ ነው። ለአዋቂ የሚሰጠው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ስድስት ወር ቆይቶ። መነቀስን ለከርሞ ያሰበ ሰው ዛሬ ጤና ጣቢያ ቢሄድ አይዘገይም፣ አይቸኩልምም።

የሰውነት ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በእኛ አገር ከጾም ጋር ይጋጫል። መርፌ ላይ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች ብዙዎቹ ሕመሙ በዝቶባቸው ሳይሆን ሳይበሉና ሳይጠጡ መጥተው ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋት ቀጠሮ መያዝ የለበትም፤ ወይ ከሰዓት በኋላ በልቶ ይምጣ፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ ያድርገው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሌሊት ጠላም ሆነ አረቄ አይጠጣም፤ ለድፍረት የተቀመሰ አረቄ መድማትን ያበዛል፣ ቀለሙንም ያስወጣል። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ይተወው፤ ሐኪም ያዘዘለት ግን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፣ ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር ትቆይ። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው፣ ቁስሉ በቶሎ የማይድንለት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ከድሮ ቁስሉ ላይ ያበጠና ከቁስሉ ስፋት ያለፈ ጠባሳ የበቀለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ ባይነቀስ ይመረጣል። ኬሎይድ የሚባለው ይህ ጠባሳ በጠቆረ ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ደረት፣ ትከሻና ጆሮ አካባቢም ይወዳል።

የቀጠሮው ቀን ከሚፈራው ያነሰ ነው። ቆዳው ይላጫል፣ በፀረ ተህዋስ ይታጠባል፣ የሥዕሉ ስቴንስል ይለጠፋል። በዚህ ጊዜ ተነቃሹ ተነሥቶ መስተዋት ፊት ቆሞ ማየት አለበት፤ ተኝቶ ቀጥ ያለ የመሰለ መስመር ሲቆሙ ይጣመማልና። ስቴንስል በአልኮል ይጠፋል፣ ሦስት ጊዜም ቢለጠፍ ኪሳራው ትንሽ ነው። ከዚያ ማሽኑ ይነሣል። ክንድና ጥጃ ይቻላሉ፤ አንገት፣ የጎድን አጥንት፣ የእጅ አንጓ ውስጡና ብብት አካባቢ ያስጨንቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከቀሪው ይከብዳሉ፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰውነት ስለሚደክም ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። በድሮው ልማድ እናት ወይም አክስት ልጅቷን ጭንቅላቷን ደግፋ ትይዛት ነበር፤ ይህም ለማጽናናት ብቻ ሳይሆን አንገቷ እንዳይንቀሳቀስ ነው። ዛሬም ከአንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋር መሄድ መልካም ነው፤ ከአምስት ጋር ግን አይደለም።

ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ወይም በብቸናና በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የሚነቀስ ሰው በዚያው ቀን አውቶቡስ ይዞ ባይመለስ ይሻላል። ትኩስ ቁስል ላይ የመንገድ አቧራና ላብ፣ የመቀመጫው መደገፊያ ሲፈገፍገው መዋል፣ ሌሊቱን አንድ ቦታ አርፎ ከማደር ወጪ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ቤት ሲደርሱ የሚጀምረው ሥራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቀለም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይወጣል፤ ቀለሙ አለቀ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። በንጹሕ እጅ፣ ሽታ በሌለው ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል፣ በንጹሕ ነገር ተጫን ተጫን ተደርጎ ይደርቃል፣ ቫዝሊን በስሱ ይቀባል። ከዚያ ቆዳው ይላጣል፣ ያሳክካል። ቅርፊቱን የቧጠጠ ሰው ቀለሙንም አብሮ ያነሣል።

የጎጃም ኑሮ ለዚህ ቁስል የራሱ ፈተናዎች አሉት። አንገት ላይ የተነቀሰ ሰው ማተቡ ይፈገፍገዋል፤ መበጠሱ የማይታሰብ ነውና ክሩን አርዝሞ ከቁስሉ በታች እንዲውል ማድረግ ይበጃል። አዲስ ነጠላ ለስላሳ ይመስላል፣ ነገር ግን የጥጡ ብናኝ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል፤ ደጋግሞ የታጠበው ይሻላል። ፀጉር ላይ የሚቀባ ቅቤ ሲቀልጥ ወደ አንገት ይወርዳልና እስኪድን ድረስ ይቅር። ቁስል ላይ ቅቤ መቀባት ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ጠበል የሚጠመቅ ወይም ወንዝ ወርዶ የሚታጠብ ሰው እስኪጠግግ መታገሥ አለበት፤ ጥር 10 እና 11 በፀሐይና በውኃ መካከል ለሚውል ሰው የታኅሣሥ መጨረሻ ቀጠሮ የማይሆነው ለዚህ ነው። የደጋ ፀሐይ ከባድ ናት፤ ከዳነ በኋላም ቢሆን ንቅሳትን ከምንም በላይ የምታደበዝዘው እሷ ናት።

መቅላት፣ መጠነኛ እብጠትና ሙቀት የሚጠበቁ ናቸው፤ ነገር ግን በየቀኑ መቀነስ አለባቸው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከሥዕሉ ውጭ ከተሰራጨ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ ሌላ ቅባት መሞከር አይገባም። ከሳምንታት በኋላ በአንዱ ቀለም ላይ ብቻ፣ በተለይ በቀዩ ላይ፣ የሚያሳክክ እብጠት ከበቀለ ብዙ ጊዜ የቀለሙ አለርጂ ነው፤ ይህም የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው።

ማስጠፋትም ይቻላል፤ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የአንገት ወይም የግንባር ንቅሳታቸውን ለማንሣት ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አሉ። ሌዘሩ ቀለሙን ያደቅቀዋል፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም ብናኙን ቀስ በቀስ ይወስዱታል። ለጠቆረ ቆዳ የሚመረጠው 1064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ነው፤ ጨረሩ ከቆዳው የራሱ ቀለም ይልቅ ጠልቆ ያለውን ጥቁር ስለሚያገኝ። በአጭር ሞገድ ከተሠራ ቆዳው ነጣ ያለ ወይም የጠቆረ ምልክት ሊያወጣ ይችላል። ሥራው በየስድስት ወይም ስምንት ሳምንቱ ተደጋግሞ ወራት ይፈጃል፣ ከመነቀሱም ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ጥቁር ጥላሸት ከሁሉ ቀለሞች ይልቅ ለሌዘር ይመቻል፤ አረንጓዴና ቢጫ ያስቸግራሉ። በየገበያው «ንቅሳት ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ አሲድነት ያለው ቅባት ቆዳውን አቃጥሎ በንቅሳቱ ቦታ ጠባሳ የሚተካ ነው።