የሜሪላንድ ጠላ

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ለፋሲካ የሚጠመቅ ጠላ ገብሱ የአሜሪካ፣ ውሃው የቧንቧ ነው፤ በጋን ፈንታ ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ በርሜል ይቀርባል። ከአገር ቤት የመጣው ጌሾው ነው። ታዲያ ይህ የየት አገር መጠጥ ሊባል ነው?

ለፋብሪካ ቢራ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ የለም። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ይጠመቃል፤ የአርሲ ገብስም አሰላ ላይ ብቅል ይሆናል። ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ ግን ከውጭ ይገባል። እንዲያም ሆኖ «የእኛ ቢራ» ከማለት ያፈረ የለም፤ ማፈርም አያስፈልግም።

አሻሮውን ልብ ብላችሁ እዩ። ገብሱ ምጣድ ላይ ሲታመስ መጀመሪያ ይፈካል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ቡና መልክ ይሄዳል። ጠማቂዋ ቶሎ ካወጣችው ጠላው ይገረጣል፤ ካሳረረችው የእርሩ ምሬት የጌሾውን ይውጠዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ባለሙያዋ ሰዓት አታይም፤ ታሸታለች፣ ታማስላለች፣ ደግሞ ታሸታለች። ምድጃው የኤሌክትሪክ ቢሆንም አፍንጫዋ አይሳሳትም።

ጥንስሱም እንዲሁ ነው። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ተዘፍዝፎ ይሰነብታል፤ ከዚያ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል። እርሾ ከሱቅ አይገዛም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከዕቃውና ከቤቱ አየር ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ድፍድፉን ከሚያፈላው ነፍስ ገሚሱ ሜሪላንዳዊ ነው ብንል ውሸት አይሆንም። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይቸኩላል፤ ውሃ የሚጨመርበትን ቀን የምትወስነው አረፋውን አይታ ነው።

እኔ የምጠራጠረው በጭሱ ነው። አገር ቤት ጋኑ በግራዋ ይታጠብና በወይራ ይታጠናል፤ ሸክላው ጭሱን ይጠጣል፣ ጠላውም ከሸክላው ይወስዳል። ፕላስቲክን ማን ያጥነዋል? ከእሱ የተቀዳ ጠላ ንጹሕ ነው፣ ያረካልም፤ ከዋጡት በኋላ ግን አፍ ውስጥ የሚቆይ ነገር የለውም። እስራኤል ያሉ ጠማቂዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ የእነሱ የዘይት ወይራና የእኛ ወይራ አንድ ዝርያ ስለሆነ እንጨቱ ደጃቸው ላይ አለ። ምረጥ ብባል፣ በባዕድ ገብስ ተጠምቆ በታጠነ ጋን የተቀመጠውን ጠላ፣ ምርጥ የአርሲ ገብስ ገብቶበት በርሜል ውስጥ ከከረመው አስበልጣለሁ።